ክዳኑ የተመለሰ መርፌ

ከሁሩሙ ወደ መቱ የሚሄደው ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም። ወያላው «መቱ! መቱ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል እንጂ የመኪናው ግማሽ ባዶ ነበር። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ ግራ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው፣ መኪናው ቶሎ እንዲነሳም ጨርሶ እንዳይነሳም ይመኙ ነበር።

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል በገበያው ዳር ትንሽ ክሊኒክ ያላቸው አንጋፋ የጤና ረዳት ናቸው። የአካባቢው ሰው «ዶክተር» ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» እያሉ ተከራክረው ነበር፤ በኋላ ደከማቸውና ተዉት።

«ጋሼ ሰይፉ! እንደምን አደሩ?» የሚል ድምፅ ቀና አደረጋቸው። ዲሪቤ ነበረች። የጎረቤታቸው ልጅ ስትሆን መቱ ሆስፒታል በነርስነት ትሠራለች፤ እናቷን ጠይቃ መመለሷ ነው። ቦርሳዋን አስቀምጣ ከጎናቸው ተቀመጠች። ሊጨብጧት ቀኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ጋቢው ተንሸራቶ በፋሻ የተጠቀለለው ጣታቸው ታየ።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ምንም። የቡና ቅርንጫፍ ስቆርጥ ወጋኝ።»

«እስቲ ልየው።» ፋሻውን ገለጥ አድርጋ አየችው። «የቡና እንጨት እንዲህ ነጥብ የመሰለ ቀዳዳ ትቶ አይሄድም፣ ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ፣ ነርስ ነሽ ወይስ መርማሪ ፖሊስ?»

«ሁለቱንም ነኝ፤ ደመወዙ ግን የአንዱ ብቻ ነው።»

ጋሼ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት ከሰዓት ጭምዴሳ፣ ያ ማር ነጋዴው፣ ወገቡን አሞት መጥቶ መርፌ ወጋሁት። ሲነሳ ‹ዶክተር፣ ማሎ፣ ስሪንጇን ለበሬዬ ስጠኝ› ብሎ ለመነኝ። ክዳኑን መልሼ መርፌውን ልነቅል ብዬ ስገጥመው፣ መርፌው ክዳኑን ሳተና ጣቴ ውስጥ ገባ። ጨምቄ ጨምቄ ደሙን አወጣሁና አልኮል አፈሰስኩበት።»

«መጭመቁም አልኮሉም አያስፈልግም ነበር፤ በሚፈስ ውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። ስሪንጁስ የት ደረሰ?»

«ሰጠሁታ!»

«ሰጡት?»

«ምን ላድርግ? ደህናውን ዕቃ ልጣለው? እኛ ስንማር የመስታወት ስሪንጅ ነበር። ቀቅለን፣ አድርቀን፣ ስንት ዓመት ሠራንበት። የዛሬ ልጆች አንዴ ወግታችሁ ትጥላላችሁ፤ ከዚያ ደግሞ አገሩ ድሃ ነው ትላላችሁ።»

ዲሪቤ አልተቆጣችም። «የእናንተ ጊዜው ሊቀቀል የተሠራ ነበር። የአሁኑ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው። በሬውን ከወጋበት በኋላስ የት ይጥለዋል?»

«እደጁ ነዋ።»

«እደጁ ላይ ማን ይጫወታል?»

ጭምዴሳ ስንት ልጆች እንዳሉት ጋሼ ያውቃሉ። ሁሉንም እርሳቸው ናቸው ያከሟቸው።

«ክዳኑን ግን አትንኪብኝ» አሉ ቆይተው። «ክዳን የምመልሰው ለሰው አስቤ ነው። መርፌ ራቁቱን ይጣላል?»

«ለሰው ማሰብዎን ማን ነቀፈው? ግን በሁለት እጅ መርፌና ክዳን ሲያገናኙ፣ አንድ ቀን መርፌው መሳቱ አይቀርም። ክዳን ሳይመለስ፣ መርፌው ሳይነቀል፣ እንዳለ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ነው የሚገባው። ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸግና ወደ ማቃጠያ ይሄዳል።»

«እሱ ቢጫው ሳጥን? አለኝ እኮ።»

«የት ነው ያለው?»

«ጓዳ፣ ከመደርደሪያው ላይ።»

«በሽተኛ የሚወጉት ጓዳ ነው?»

ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዲሪቤም ሳቀች። «አይዘኑ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ስለ ሕክምና ቆሻሻ የተጠየቅሁትን ሁሉ መልሼ፣ በማግሥቱ ክዳን ስመልስ ተይዣለሁ። ማወቅ ብቻውን እጅን አይመልስም። ሳጥኑ ከመውጊያው አጠገብ ካልሆነ እጅ የለመደውን ይሠራል። ለመሆኑ ደም የነካው ጥጥና ጓንትስ?»

«ከሌላው ጥራጊ ጋር ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ናፍጣ አርከፍክፌ አቃጥለዋለሁ።»

«መርፌ በናፍጣ ይቃጠላል?»

ጋሼ አሰቡ። ሐሰት መናገር አይወዱም። «ይጠቁራል» አሉ።

«ከረጢቱን ማን ነው የሚያወጣው?»

«ነፃነት ናት፤ የፅዳት ሠራተኛዋ።»

«በምን እጅ?»

«በ… በባዶ እጇ።»

መኪናው ሞልቶ ተነሳ። መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ጋሼ ጋቢያቸውን እጃቸው ላይ መለሱ። ከክርክሩ በታች ያደረ ፍርሃት ነበረባቸው። ኤች አይ ቪ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ ለስንት ሰው ያስተማሩ ሰው፣ ትናንት ማታ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩአየሁ ሲያጎርሷቸው «ጠግቤአለሁ» ብለው ከትሪው ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር።

«እንግዲህ ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ነው» አለች ዲሪቤ።

«ፋሻ ልገዛ ነው የምሄደው።»

«ጋሼ!»

«ሰው ያየኛል፣ ልጄ። እዚያ የኤች አይ ቪ ክፍል ደጃፍ ላይ ተሰልፌ የሁሩሙ ሰው ቢያየኝ ‹ዶክተሩ ራሱ…› ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ስም ነው።»

ዲሪቤ ወደ እርሳቸው ዞረች። «መከላከያው መድኃኒት ሦስት ቀን ሳያልፍ መጀመር አለበት። በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። አንድ ሰው እርስዎ ዘንድ መጥቶ ‹ትናንት በሰው መርፌ ተወጋሁ› ቢልዎ ምን ያደርጉታል?»

«ተቆጥቼ አሁኑኑ ሆስፒታል እሰደዋለሁ!»

«እንግዲያውስ ይቆጡ።»

ጋሼ በመስኮቱ ውጭውን ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻም «ስልክ አለሽ? የኔ ባትሪ አልቋል» አሉ። የደወሉት ለጭምዴሳ ነበር።

«ጭምዴሳ፣ መቱ ና። ደምህ መመርመር አለበት።»

«ምን አገኘህብኝ፣ ዶክተር?»

«ምንም አላገኘሁብህም። ያንተ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ደምህ ደሜ ውስጥ ገብቷል።»

በወዲያኛው ጫፍ ሳቅ ተሰማ። «አቦ፣ ዘመድ ሆንና! እመጣለሁ። ስሪንጇንስ?»

«በሬውን ወጋህበት እንዴ?»

«ገና ነኝ።»

«ጠቅልለህ ይዘሃት ና። ልጅ እንዳይነካት።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ማንም አልጠቆመባቸውም። ባለሙያው ጣታቸውን አሳጥቦ፣ ጠይቆ፣ ደማቸውን ወስዶ የመጀመሪያውን ክኒን አስዋጣቸው። ጭምዴሳ ከሰዓት በኋላ፣ ስሪንጁን ባዶ የማር ማሰሮ ውስጥ አድርጎ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ ደረሰ። ፈቅዶ ደም ሰጠ። ሁለቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጭምዴሳ ስለ ማር ዋጋ ያወራል፤ ጋሼ «አዎን፣ አዎን» ይላሉ እንጂ አንዱንም አልሰሙም።

ውጤቱ መጣ። ጭምዴሳ ከኤች አይ ቪም ከጉበት ቫይረሶችም ነፃ ነበር፤ ጋሼም እንዲሁ። «መድኃኒቱን ያቆማሉ፤ ለጥንቃቄ ግን የጉበት ክትባት ይጀምራሉ» ተባሉ። ጋሼ ወንበሩን ለቀው ዲሪቤ ወደምትሠራበት ክፍል ሄዱ። «ስልክሽን አንዴ ድገሚልኝ» አሉ ዲሪቤን፤ ወደ ቤታቸው ደውለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእትዬ ጥሩአየሁ ነገሯቸው። እትዬ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለው ተሳደቡ፣ በመጨረሻም መረቁ።

በዚያው ሳምንት ክሊኒኩ ተለወጠ። ቢጫው ሳጥን ከመውጊያው ወንበር አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀመጠ። ደም የነካው በቢጫ፣ ሌላው ጥራጊ በጥቁር ቅርጫት ተለየ። ጋሼ ከጤና ጣቢያው ጋር ተስማምተው የታሸገው ሳጥን በዚያ ማቃጠያ እንዲቃጠል አደረጉ፤ የጓሮውን ጉድጓድም አስደፈኑ። ስሪንጅ ለሚለምን ባለ ከብት «ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሂድ፤ አዲስ አለው» ይሉታል። አንዳንዱ ያኮርፋል፤ ጭምዴሳ ግን ቆሞ ያስረዳላቸዋል። ትርፉን መቁጠር ለሚወድ ሰው ይኸው ነው፦ የሚወጋው ባለሙያ ለራሱ አይሰጋም፤ ውሻ ከጉድጓድ ጎትቶ መንደር የሚያደርሰው ነገር የለም፤ ልጅ በሰው ደም አይጫወትም፤ ለመታከም የመጣ ሰውም ሌላ በሽታ ይዞ አይመለስም።

ለነፃነትም ወፍራም ጓንትና ቦቲ ጫማ ተገዛላት። ጓንቱን አጥልቃ ከረጢቱን ብድግ ስታደርግ ጋሼ አዩዋትና «ዛሬ ጸሎትሽን ረሳሽ?» አሏት። ከረጢት ባነሳች ቁጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ስለሚያዩ መንፈሳዊ ልጅ ናት እያሉ ለሰው ሁሉ ያመሰግኗት ነበር።

«እሱማ» አለች ነፃነት፣ «መርፌ እንዳይወጋኝ ነበር የምጸልየው።»

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱላት።