የቀለጠው ጠርሙስ

ስለ መስታወት ጥበብ ብዙ አውቃለሁ። በትንፋሽ እየተነፉ የሚሠሩ ዕቃዎችን ፎቶ ዓመት ሙሉ አጥንቻለሁ፤ እስካሁን አንድ ብርጭቆ እንኳ አልሠራሁም እንጂ። በቀደም ሓድነት ሰፈር ውስጥ፣ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ እናት ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገብቼ መደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ አየሁ። አንገቱ ጎብጦ ትከሻው ላይ ተኝቷል፤ ሆዱ ውስጥ አረፋ ታስሯል። ሳላስፈቅድ አንስቼ ወደ ብርሃን አገላበጥኩት።

«አደይ፣ ይህን የሠራው ባለሙያ አልቸኮለም» አልኩ፣ እንደ መምህር ጉሮሮዬን ጠርጌ። «እሳቱ ቀስ ብሎ ነው የያዘው። ቶሎ ቢሆን ኖሮ ይሰነጠቅ ነበር። ብዙ ሰዓት ፈጅቷል።»

ሳሙናውን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ባለሙያ የለውም፣ ወደይ፣ ልጄ። የድሮው ሱቃችን ሲቃጠል ከአመዱ ያወጣሁት ነው። ባለቤቴም እዚያው ውስጥ ቀሩ።» ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «ጎረቤቶች ግን ቶሎ ነው ያለቀው፣ አልተሠቃዩም ብለውኝ ነበር።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለስኩና ስለ መስታወት ምንም እንደማላውቅ ነገርኳቸው። የዚያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ይኸኛው ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን አላመኑኝም።