እጅ የሚደርስበት ቫልቭ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን ሰው አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም ሳይሆን ተማሪዎቻቸው በሰጧቸው «ጋሼ ሁለቴ» በሚለው ቅጽል ነውና፣ እሳቸውም በዚያ ሲጠሩ ደስ ይላቸው ስለነበር፣ ይህን ታሪካቸውን የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድምም በዚያው ስም ይጠራቸዋል።

ጋሼ ሁለቴ ከፓምፕ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወደቡ አጥር ጀርባ በሚገኝ፣ መስኮቱ ሲከፈት ከወፍ ድምፅ ይልቅ የመርከብ ጥሩምባ በሚሰማበት ቤት የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አባታቸው የፈቱትን ፓምፕ መልሰው ሲገጥሙ አንዳንድ ብሎን ይተርፋቸው ነበር ይባላል፤ አባታቸው ሲቆጧቸውም ትርፍ ነገር መኖሩ ምን ክፋት አለው ብለው ይከራከሩ እንደነበር እናታቸው እስከ እርጅናቸው ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

ለትምህርት እንደ ደረሱ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ ቀጥለውም በቴክኒክ ትምህርት ቤት የቧንቧ ሥራና ብየዳ አጥንተው በወደቡ የጥገና ክፍል ተቀጠሩ፤ የመርከብ ሆድ እየጠለቁ መመርመርንም እዚያው ለመዱ። አንድ ቀን ግን ከውሃ በታች ሳሉ ያላቸው አንድ መተንፈሻ ቀጥ ብሎ ቆመባቸው፤ አብሯቸው የወረደው ባልደረባቸው ሥራ ይዞት ርቆ ስለነበር፣ በደረታቸው በቀረው ትንፋሽ ብቻ እንደምንም ወደ ላይ ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ አየራቸውን በማንም ሰው እጅ ላይ ላይጥሉ ለራሳቸው ቃል ገቡ፤ ይህ ቃል ለብዙ ዘመን ጠበቃቸው፣ በኋላ ግን ሊያጠፋቸው ነበር።

በመካከለኛ ዕድሜያቸው ወደቡን ትተው፣ ውሃ በሞላው በአሮጌው የድንጋይ ካባ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ጥልቅ ጠላቂዎችን ማስተማር ጀመሩ። ለማያውቀው ለማስረዳት ያህል፣ ወደ ጥልቅ የወረደ ሰው ሰውነቱ እንዳይጎዳ በየመሃሉ እየቆመ ቀስ ብሎ መውጣት ስላለበት፣ አንዱ የአየር መንገድ ሲበላሽ ሌላ ሊኖረው ግድ ነው። ጋሼ ሁለቴ የመረጡት ጀርባ ላይ የሚታዘሉና በማገናኛ ቧንቧ የተያያዙ መንታ ሲሊንደሮችን ነበር፤ አንዱ መተንፈሻ ቢያፈስ የእሱን ቫልቭ ዘግቶ የሁለቱንም አየር በሌላው መሳብ፣ ማገናኛው ራሱ ቢያፈስ ደግሞ የመሃሉን ቫልቭ ዘግቶ ግማሹን ማትረፍ ይቻላል። ተማሪዎቻቸውንም ውሃ ከመግባታቸው በፊት ዳር ላይ አቁመው፣ ዓይን አስጨፍነው፣ ከማጅራታቸው ጀርባ ያሉትን ቫልቮች ሁለት ሁለት ጊዜ ያስነኳቸው ነበር፤ ቅጽላቸውም የመጣው ከዚህ ነው።

ባለቤታቸው በዚያው ትምህርት ቤት ጠላቂ ነበሩ። በአንድ የተረኝነት ቀናቸው የጋሼን መንታ ሲሊንደር ሞልተው፣ መለኪያው ሙሉ ነው ብሎ፣ ጋሼም ሁለቴ አይተውት ሊያዝሉት ሲሉ፣ እሷ፣ ማለትም ክብርት ባለቤታቸው፣ መዳፋቸውን በሁለቱም ላይ አሳረፉ። ሲሊንደር ሲሞላ ይሞቃልና አንዱ ሞቋል፤ ሌላው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ለካስ የመሃሉ ቫልቭ ተዘግቶ ኖሮ የሞላውም፣ መለኪያው የሚያየውም አንደኛውን ብቻ ነው። ጋሼ ሁለቴ ያን ቀን ሳይጠልቁ ዋሉ፤ ሲሊንደሩ እንደገና ሲሞላ አጠገባቸው ቆመው ወሬ ጀመሩ፣ ሞልቶ ካበቃም በኋላ ወሬው አላለቀም፣ በዓመቱም ተጋቡ። ሁለት ሴት ልጆች ወልደው አሳደጉ፤ ሁለቱም ከመታጠቢያ ቤት የበለጠ ውሃ አያሻንም ብለው አንደኛዋ ነርስ፣ ሁለተኛዋ የአውቶቡስ ሾፌር ሆነዋል።

በትዳራቸው ውስጥ የነበረው ጭቅጭቅ አንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ባለቤታቸው ምንም ያልተገናኙ ሁለት ሲሊንደሮችን በግራና በቀኝ ጎናቸው አንጠልጥለው ይወርዱ ነበር፤ መተንፈሻውን በየመሃሉ እያቀያየሩ ሁለቱንም እኩል ማጉደል ቢያስፈልግም፣ ቫልቮቹ ከብብት ሥር በዓይን ይታያሉ። ጋሼ «ዘንቢል ተሸካሚዋ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እሳቸውም በማያዩት ዕቃ የሚኮራ ሰው አግብቻለሁ ብለው አጸፋውን ይመልሱ ነበር።

ጋሼ ሁለቴ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቀው ትከሻቸውን ከተጎዱ በኋላ ግን ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ክንዳቸው እንደ ድሮው ወደ ኋላ አልዞር አለ፤ እሳቸው ግን ለማንም ሳይናገሩ መጥለቁን ቀጠሉ። ባለቤታቸው፣ ጋሼ ሸሚዝ ሲለብሱ ፊታቸው ሲጨማደድ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ልጆቻቸውን ሲጠሩ አይተው ቢጠይቋቸውም፣ ብርድ መትቶኝ ነው አሉ። አንድ ቀን ባልና ሚስቱ በካባው ወለል ላይ ሳሉ ከጋሼ ማጅራት ጀርባ አየር ይንፎለፎል ጀመር፤ እጃቸውን ሰደዱ፣ ከጆሯቸው አላለፈም፤ ደግመው ሰደዱ፣ አሁንም አልደረሰም። ያን ጊዜ ባለቤታቸው ቀርበው ቫልቩን ዘጉላቸው፤ የደረት ማሰሪያቸውንም ይዘው፣ በየማቆሚያው አብረው እየቆሙ ይዘዋቸው ወጡ። ዳር ላይ ተቀምጠው «ለስንት ጊዜ ነው የደበቅከኝ?» ብለው ጠየቋቸው።

ከብዙ ቀን በኋላ ጋሼ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ ሁለቱንም ዓይነት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ አያያዝ እንደሌለ፣ ትክክለኛው ዕቃ የገዛ እጅ የሚደርስበት መሆኑን፣ የራሳቸው እጅ ግን አልደርስ ማለቱን እንደ ደበቁ ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። ከዚያም ባለቤታቸው ማሰሪያውን እያስተካከሉላቸው ሲሊንደሮቹን በጎናቸው አንጠለጠሉ፤ ተማሪዎቹ ሲስቁ አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት ከገበያ የሚመለሱ መስለው አብረው እየጠለቁ ብዙ ደስ የሚሉ ዓመታት አሳለፉ፤ አየራቸውን ለሰው እጅ ላለመስጠት የማሉት ጋሼም፣ የባለቤታቸው እጅ አጠገባቸው መኖሩን እያወቁ መውረድ እንዴት እንደሚያሳርፍ ለቀረባቸው ሁሉ ያወሩ ነበር።

በመጨረሻ ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ታናሽ ልጃቸው ልታስቃቸው ብላ፣ ለሁሉ ነገር ተለዋጭ የሚይዙት አባቷ፣ ካልሲያቸው እንኳ የት እንዳለ ሳያውቁ፣ እናቷ በሞት ቢቀድሟቸው ምን ሊሆኑ አስበው እንደነበር ጠየቀቻቸው። ጋሼ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ከሳቁ በኋላ «ለእናትሽ መጠባበቂያ አልያዝኩም፤ ፈልጌም አላውቅ» አሏት። ባለቤታቸው የታጠፈ አንሶላ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር፤ አንሶላውን አስቀምጠው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ያዙ። ጋሼ ሁለቴ በዚያው ሳምንት፣ እጃቸው እንደ ተያዘ፣ በሰላም አረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኅትና ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም በየውሃው ዳር ያሉ ቁጥራቸው የበዛ ተማሪዎቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ መጠባበቂያ ያልተያዘላቸውን ባለቤታቸውን ያጽናናልን፤ እኛም ልንተካቸው ባንችል፣ ከእኅታችን አጠገብ እንዳንጠፋ ይርዳን። አሜን።