ከድልድዩ እስከ ዋርካው

ረፋድ ላይ፣ ታካሚ ባልጫነ የሆስፒታል አምቡላንስ ጋቢና ውስጥ፤ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ውድነሽ ሰዓቷን በእጇ ይዛ ከሾፌሩ ከእንድሪስ ጎን ተቀምጣለች፤ መኪናው ከወንዙ ድልድይ ወደ ከተማው የሚያወጣውን ዳገት እያቃሰተ ይወጣል።

ውድነሽ፦ ይርገጡት እንጂ፣ ጋሽ እንድሪስ።

እንድሪስ፦ ረግጬዋለሁ።

ውድነሽ፦ እስከ መጨረሻው?

እንድሪስ፦ ከዚህ በላይ ከረገጥኩ እግሬ መሬት ይነካል።

ውድነሽ፦ ጎንበስ ብዬ ልየው።

እንድሪስ፦ ይዩት። ሰዓቱን ግን እንዳይረሱት፤ በኋላ በእኔ እንዳይቆጠር።

ውድነሽ፦ እውነትም ወለሉ ላይ ነው።

እንድሪስ፦ አልሐምዱሊላህ። እግሬ ምስክር አገኘ።

ውድነሽ፦ እግርዎ ነው ያገኘው፤ እርስዎ ገና ነዎት። ይኸው ዋርካው ጋ ደረስን። ከድልድዩ እስከዚህ አሥራ አንድ ደቂቃ። ዛሬ እኔ አብሬ ስላለሁ አልቆሙም። እኔ በሌለሁበት ቀን የት ይቆማሉ?

እንድሪስ፦ የትም።

ውድነሽ፦ የጤና ኬላዋ ልጅ እናቲቱን ይዘው የተነሱበትን ሰዓት ትጽፋለች፤ ዘበኛችን የገቡበትን ይጽፋል። ሁለቱን መዝገብ አስተያይቻለሁ። እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ሠላሳ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሠላሳ ሦስት። ከዚያ ወዲህ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት። ማክሰኞ ዕለት ሃምሳ።

እንድሪስ፦ ማክሰኞን አያንሱብኝ።

ውድነሽ፦ ዛሬ አብሬዎት የወጣሁት እሱን ለማንሳት ነው። ሕፃኑ ሳይተነፍስ ነው እጄ ላይ የወጣው። እናቱ አሥራ ዘጠኙ ደቂቃ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔ እጠይቃለሁ። እህትዎ የት ነው የሚኖሩት?

እንድሪስ፦ ከዋርካው ከፍ ብሎ። አገር ያውቃል።

ውድነሽ፦ ሽንኩርት ይነግዳሉ አሉ።

እንድሪስ፦ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። የያዙትን ይንገሩኝ፤ በዙሪያዬ አይዙሩ።

ውድነሽ፦ ቅዳሜ እዚሁ አምቡላንስ ውስጥ፣ ከታካሚዋ አልጋ ሥር የሽንኩርት ልጣጭ ጠርጌያለሁ።

እንድሪስ፦ ቅዳሜ ቆሜያለሁ። የእህቴን አንድ ጆንያ ጫንኩ። ከኋላ የነበረችው ለክትትል የምትመጣ ናት፣ ምጥ የላትም። አራት ደቂቃ ነው።

ውድነሽ፦ አራት?

እንድሪስ፦ ቢበዛ አምስት። ማክሰኞ ግን ወላሂ፣ ጎማዬ አልቆመም።

ውድነሽ፦ ቅዳሜን የደበቀ ሰው በማክሰኞ ሲምል ማን ያምነዋል?

እንድሪስ፦ ማንም። ለዚህ ነው ክሱን ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ የያዙት። ጠዋት አይቼዋለሁ። ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ እጅ ሲገባ ቁልፉን አስረክባለሁ፤ አራት ልጅ ይዤ ቤቴ እገባለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ላሳይዎት።

ውድነሽ፦ ምን?

እንድሪስ፦ በመስታወቱ ወደ ኋላ ይዩ። ጭሱ ምን ይመስላል?

ውድነሽ፦ ጥቁር። መንገዱን ሸፍኖታል።

እንድሪስ፦ ያ ጉልበታችን ነው፤ በደንብ ሳይቃጠል የሚወጣው። ተርቦ ያውቃሉ?

ውድነሽ፦ ስሙን።

እንድሪስ፦ ሞተሩ በሚተፋው ጭስ የሚሽከረከር መዘውር ነው። ጭሱ እሱን ያዞረዋል፤ እሱ ሲዞር አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ጭሱ ከበስተኋላ እንደ ልቡ ካልወጣ መዘውሩ ይሰንፋል። አየር ያንሳል፤ ናፍጣው ገብቶ ይታፈናል።

ውድነሽ፦ መውጫውን ማን ዘጋው?

እንድሪስ፦ አልተዘጋም፤ ጠበበ። ይኸው አቆምኩ፤ ይውረዱና የጭስ ቱቦውን ከሥር ይዩት።

ውድነሽ፦ ቱቦው ሁለት ዓይነት ነው። ከሞተሩ በኩል ወፍራም፣ ከኋላ ቀጭን።

እንድሪስ፦ ቀጭኑ የውሃ ቧንቧ ነው። ቱቦውን የጠገነው በያጅ በእጁ ያገኘው እሱን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ውድነሽ፦ ስንት በስንት ነው?

እንድሪስ፦ እኔ በዓይኔ ነው የማውቀው።

ውድነሽ፦ እኔ በዓይን አላምንም። መገጣጠሚያውን ይፍቱት፣ አፉን ልለካ። ሜትሩ ኪሴ ውስጥ አለ።

እንድሪስ፦ የነፍሰ ጡር ሆድ የሚለኩበትን?

ውድነሽ፦ ለሁሉም እኩል ይለካል።

እንድሪስ፦ ይኸው ተፈታ። ይፋጃል፣ ጓንት ያድርጉ።

ውድነሽ፦ የፊተኛው ሰባት ሳንቲ ሜትር። የኋለኛው… አራት።

እንድሪስ፦ አራት ብቻ?

ውድነሽ፦ እኔ የማኅፀኗ አፍ ገና አራት ሳንቲ ሜትር የተከፈተን እናት ግፊ አልላትም፣ ጋሽ እንድሪስ። ብትገፋ ራሷን ነው የምትጎዳው።

እንድሪስ፦ ይኼ ሁለት ወር ሙሉ ሲገፋ ነበር።

ውድነሽ፦ ወሬው ያምራል። ወሬ ግን ሰዓት አይሆንም። እንደተፈታ ወደ ድልድዩ እንመለስና እንደገና እንውጣ። በዚያው ማርሽ።

እንድሪስ፦ ይጮሃል።

ውድነሽ፦ መስኮቱን እስከ ታች ያውርዱ፣ ጭሱ እንዳያፍነን። ይኸው ድልድዩ፤ አሁን ይነሱ።

እንድሪስ፦ ሦስተኛ እየለመነኝ ነው።

ውድነሽ፦ ምን አሉ? አይሰማኝም።

እንድሪስ፦ ሦስተኛ ማርሽ ላስገባ ወይ?

ውድነሽ፦ አያስገቡ። ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየርን የቱ እንደሠራ በምን እናውቃለን?

እንድሪስ፦ እሺ። በሁለተኛም ይበራል። ይኸው ዋርካው። ስንት?

ውድነሽ፦ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ሞተሩን ያጥፉልኝ። በያጁን ማን ነው ያዘዘው?

እንድሪስ፦ እንተወው፣ ሲስተር። ዝም አይነቅዝም።

ውድነሽ፦ ገና አሁን ነው የምር የጠረጠርኩዎት። እዚህ ያደረሰንን ሰው ይደብቁኛል? ዘመድዎ ነው?

እንድሪስ፦ አይደለም።

ውድነሽ፦ ስሙን ይንገሩኝ።

እንድሪስ፦ ከፊትዎ ያለውን ኪስ ይክፈቱ። ማኅደሩ ውስጥ ነው። የታዘዝኩበትን ወረቀት አልጥልም።

ውድነሽ፦ «የአምቡላንሱ ጩኸት የተኙ እናቶችን ስለሚቀሰቅስ፣ በማንኛውም መንገድ ድምፁ እንዲጠፋ…» ጥር አምስት። የእኔ ጽሑፍ ነው።

እንድሪስ፦ ያኔ ቱቦውን ድንጋይ መትቶ ሰብሮት ነበር። ይጮህ ነበር፤ ይወጣም ነበር። በያጁን ዝም አሰኝልኝ አልኩት። ዝም አሰኘው።

ውድነሽ፦ ለምን አልነገሩኝም?

እንድሪስ፦ በሳምንቱ በር ላይ ነግሬዎታለሁ። መኪናው ጉልበት አጣ ስልዎት ሰበብ አይደርድሩ አሉኝ። ከዚያ የሽንኩርቱ ነገር ስላለብኝ አፌን ያዝኩ። እሱ ጥፋቴ ነው። ማክሰኞ እሷ ከኋላ ስታምጥ እኔ መሪውን ወደፊት እየገፋሁ ነበር፤ መኪና በመሪ ተገፍቶ ዳገት የሚወጣ ይመስል።

ውድነሽ፦ ሰባት ሳንቲ ሜትር ቱቦ ዛሬ ይገኛል?

እንድሪስ፦ ጋራዡ አለው። እስከ ጭራው ከተበየደ ጭሱ ታካሚዋ ጋ አይደርስም። ጩኸቱ ግን አይጠፋም።

ውድነሽ፦ ያስበይዱት።

እንድሪስ፦ በወረቀት ይዘዙኝ።

ውድነሽ፦ በአፌ እየነገርኩዎት?

እንድሪስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነገ አንዲት እናት ስትነቃ ማን አዘዘ ይባላል። በቃል የተነገረኝን አልሠራም።

ውድነሽ፦ ጠረጠሩኝ ማለት ነው።

እንድሪስ፦ ከእርስዎ ተምሬ።

ውድነሽ፦ የያዝኩት ወረቀት ክስዎ ብቻ ነው። ጀርባው ባዶ ነው። ይጠብቁኝ… ይኸው።

እንድሪስ፦ የማንበቢያ መነጽሬን አልያዝኩም። ምን ይላል?

ውድነሽ፦ ቱቦው ከተርቦው እስከ ጭራው ሰባት ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ቢጮህም። የቅዳሜው አምስት ደቂቃ የሾፌሩ ጥፋት ነው።

እንድሪስ፦ የማክሰኞውስ?

ውድነሽ፦ ሳላነብልዎት የዘለልኩት የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው፤ የጥር አምስቱ ትዕዛዝ ቀንና የእኔ ስም አለበት። ይንዱ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይወጣ እንድረስበት።