የእማዬ ጨሌ
ከሳቢያን ወደ መጋላ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ወጣት፣ ሌላዋ ጠና ያለች።

«እማዬ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ለአቴቴ መንፈስ የምታኖረውን የዶቃ ጨሌዋን ወንዙ ውስጥ በተንኩት» አለች ወጣቷ።

«ምን ነካሽ አቦ?»

«የጥንቆላ ዕቃ ነው፣ ያሳመማት እሱ ነው ሲሉኝ ፈራሁ።»

«ድነው ሲመጡስ?»

«ሳጥኗን ከፍታ ‹ልጆቼስ?› አለችኝ።»

«የምን ልጆች?»

«ለካ በወለደች ቁጥር አንድ ዶቃ ትጨምርበት ነበር። ለሞቱት ወንድሞቼም ጭምር።»

«ታዲያ አሁን?»

«ወንዙ ደረቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አሸዋውን እየጫርን አብረን እንፈልጋለን።»

«ምንም አልተገኘም?»

«አንድ አገኘሁና ሰጠኋት። ‹ይሄ ያንቺ ነው፤ አንቺማ አለሽ› ብላ መለሰችልኝና ፍለጋዋን ቀጠለች።»

የወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ በመስኮቱ ወደ አሸዋው ማየት ጀመርኩ።