ዘግይታ የወጣችው «የለም»

ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ ብለህ ጀምር ያሉኝ ፊልማችሁን የሚመሩት ጋሼ ዳይሬክተሩ ናቸው። እኔ «ሰላም ናችሁ?» ልል ነበር። ለኬኩ አመሰግናለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ለሚመለስ ልጅ ይህን ሁሉ ወንበር ስለደረደራችሁም አመሰግናለሁ።

እህቴ ስትሞት ያላለቁትን ሥዕሎች እዚህ ስቱዲዮ ቀለም ስቀባ ዕረፍቴ አለቀ። የተቀመጥኩትም በእሷ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሳታስጠግኑት ስለቆያችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ይህን አኒሜሽን ስትጀምር እናታችን «ዩኒቨርሲቲ የገባሽው በግ ልትስዪ ነው?» ብላት ነበር። በጎቹ ያምራሉ፤ እቅፍ አድርጓቸው ያሰኛሉ። ጠዋት ጠዋት አውራው በግ ጉብታው ላይ ይወጣና «ከአጥሩ ወዲያ ምን አለ?» ይላል። መንጋው በአንድ ድምፅ «ምንም የለም!» ይላል። አጥሩ ጉልበት እንኳ አይደርስም።

«የሚያስፈራው አውራው ነው አይደል?» ብዬ እህቴን ጠየቅኳት።

«አይ አንተ! እሱማ አንድ በግ ነው። የሚያስፈራው አብረው ሲሉ ነው።»

መቼም ተዋናዮቹ እስኪመጡ ለጊዜው የምትቀዱት የራሳችሁን ድምፅ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ እንኳ ሳትቀር በግ ሆናለች። እህቴ ትንሿ ግልገል ነበረች። እህቴ ደግሞ ምልክት ሲሰጣት በሰዓቱ ገብታ ታውቃለች? እናንተ «ምንም የለም!» ብላችሁ ጸጥ ካላችሁ በኋላ፣ ከወደ ኋላ ብቻዋን «...የለም» አለች።

ድምፅ የሚቀዱት ጋሼ ድምፁ «እናቴ፣ ዛሬም አረፈድሽ!» አሉ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። ሳቁ ቅጂው ውስጥ አለ፤ ሰምቼዋለሁ።

እሷ ግን ቁጭ ብላ ትዕይንቱን እንደገና ሳለችው። አሁን አውራው በግ ያቺን የዘገየች ድምፅ ሰምቶ ይደነግጣል። በጎቹም ዞር ዞር ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ባለፈው ሳምንት ግልገሏን የምትጫወተው ተዋናይት መጣች። ስፖንሰሮቹ ድምፁ ሁሉ ጥርት ይበል ብለዋል ስትሉኝ የእህቴም ድምፅ ሊቀየር እንደሆነ ገባኝ። ቤት ያለን የእህቴ ድምፅ ለደዋዮች ስልኳ ላይ የቀዳችው «አሁን ስልክ ማንሳት አልችልም» የሚለው ብቻ ነው።

ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። ተዋናይቷ ጎበዝ ናት። «የለም» ጋ ስትደርስ ግን ማዳመጫውን አወለቀች።

«ይቺን አልነካም» አለች። «እኔ ብዘገይ ትወና ነው። እሷ የምሯን ነው የዘገየችው።»

ጋሼ ድምፁ «ስፖንሰሮቹስ?» አሉ።

ጋሼ ዳይሬክተሩም «እሱን ለእኔ ተዉት» አሉ።

ሰኞ ክፍል እገባለሁ። ፊልሙ ሲወጣ ከእናቴ ጋር ሲኒማ ቤት ጨለማው ውስጥ ቁጭ እላለሁ። መንጋው ሲጮህ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። እህቴን መጠበቅ ለምጃለሁ፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ስንቴ ገትራኛለች! ግን ትመጣ ነበር። ሁልጊዜ ትመጣ ነበር።

እጃችሁ አይዛል። ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ። የምትስሉት ሁሉ ነፍስ ይዝራ። «ከአጥሩ ወዲያ ምንም የለም» ስትባሉ፣ ሄዶ የሚያይ ከመሃላችሁ አይጥፋ።

እንግዲህ አሜን በሉኝ። ግን እባካችሁ አንድ ላይ አትበሉ። አንድ ሰው ይዘግይልኝ።