አጥማቂውን የያዘው መንፈስ

አንኮበር ቁልቁለቱ ላይ ካለው ጠበል አጥማቂ ነበርሁ። ዶሮ ሲጮኽ ጀምሬ እስከ ሠርክ ውሃ በቅል ሳፈስስ፣ በሽተኛው ሲጮኽብኝ፣ እኔም ስጮኽበት እውላለሁ። አለቃችንን ‹‹አባቴ፣ ሦስት ቀን ልረፍ›› ብላቸው፣ ‹‹በሽተኛ ደጁን ሞልቶ የምን ዕረፍት ነው!›› አሉኝ።

ታዲያ አንድ ጧት አንዲት ባልቴት ‹‹ውሃው በረደኝ›› ብትለኝ፣ ‹‹እሳት ላንድድልሽ ኖሯል?›› ብዬ አምባረቅሁባት። ይኼኔ ከአሊዩ አምባ ወገቡን አሞት የመጣ አንድ ግዙፍ የአሞሌ ጨው ነጋዴ ብድግ አለና፣ ‹‹ወላሂ፣ ይህን ሰውዬ አንድ ነገር ይዞታል!›› ብሎ ቅሉን ነጠቀኝ። በሽተኛው ሁሉ ተረባርቦ ከጠበሉ ሥር አስቀመጠኝ። ያ በረዶ የመሰለ ውሃ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ እንዴት ልቻለው! ጩኸቴን ለቀቅሁት። ባልቴቲቱ መቋሚያዬን አንሥታ፣ ልክ እኔ ጋኔን እንደምጠይቀው፣ ‹‹ተናገር! ማነህ? የት ያዝኸው?›› አለች።

‹‹ድካም ነኝ! እዚሁ ሥራው ላይ ነው የያዝሁት!››

‹‹ምን ቢደረግ ትለቃለህ?››

‹‹ሦስት ቀን ይተኛ!››

ሕዝቡ እልል አለ። አለቃ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ መንፈሱ እለቃለሁ ካለ ምን ይበሉ? ሄጄ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ብመለስ፣ ከበሽተኛው ሁሉ ፊት ጥምጥማቸውን ፈትተው የተቀመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አለቃ!

‹‹ቶሎ አፍስስ ልጄ›› አሉኝ እየተንቀጠቀጡ። ‹‹እኔን የያዘኝ ግን ሰባት ቀን ካልተኛሁ አይለቅም።››