የክንፍ ላይ ነጥብ

*(ከአየር ትርኢቱ ሦስት ሰዓት በፊት፣ የአንድ የበረራ ትምህርት ቤት የአውሮፕላን ማቆሚያ፤ አብራሪዋ ሲፈን መሰላል ላይ ቆማ በትርኢቱ ከፊት በሚመራት በዳግማዊ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ቀይ ነጥብ ትቀባለች፤ እሱ መሰላሉን ይዞላታል።)*

ዳግማዊ፦ ሁለት ሜትር አልኩሽ፣ ሁለት! በአምስት ሜትር ርቀትማ አብረን የምንበር ሳይሆን መንገድ ላይ በአጋጣሚ የተገናኘን ነው የምንመስለው።

ሲፈን፦ መሰላሉን አታወዛውዝ። ነጥቧ ከተንጋደደች እኔም ተንጋድጄ ነው የምበረው።

ዳግማዊ፦ ለአንዲት ነጥብ ይህን ያህል?

ሲፈን፦ አየር ላይ ሌላ ምን አያለሁ? ይቺ ነጥብ መስኮትህ ላይ ከተሳለችው ኮከብ ጋር ስትገጥምልኝ ቦታዬ ላይ ነኝ። መሬቱን አላይ፣ ሰማዩን አላይ። አንተን ብቻ።

ዳግማዊ፦ እንዲህ አፍጥጣ ያየችኝ ሴት የለችም። ሩሃማ እንኳ!

ሲፈን፦ ሩሃማ እጮኛህ ናት፤ ሲሰለቻት ዞር ትላለች። እኔ ግን ስትዞር እዞራለሁ፣ ስትወርድ እወርዳለሁ።

ዳግማዊ፦ ሲፉዬ፣ እህቴ፣ ዛሬ አባቷ ይመጣሉ። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ምን ብለው እንደመለሱብኝ ታውቂያለሽ?

ሲፈን፦ «ልጄን አየር ላይ ለሚንጠለጠል ሰው አልሰጥም።» ከአሥር ጊዜ በላይ ነግረኸኛል።

ዳግማዊ፦ ሦስት ሽማግሌ፣ አንደኛው ቄስ! በስንት ልመና «እስቲ ሲበር ልየውና እወስናለሁ» አሉ። ታዲያ ዛሬ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተን፣ በፊታቸው ሳልፍ እጄን አንዴ ላውለብልብ…

ሲፈን፦ ትናንት በልምምዱ ለሩሃማ እንዳውለበለብከው?

ዳግማዊ፦ አየሽኝ እንዴ?

ሲፈን፦ አሁን ማንን ነው የማየው አልኩህ? ግራ እጅህን ስታነሳ ሰውነትህ ወደፊት ሄደ፣ ቀኝ እጅህ የአውሮፕላኑን መሪ ገፋው።

ዳግማዊ፦ ትንሽ ነው ዝቅ ያልኩት!

ሲፈን፦ አንተ ትንሽ። እኔ ደግሞ ከአንተ ዝቅ ብዬ ነው የምበረው። እዚያ ሳጥኑ ላይ ያለችውን መሀረብ ፍታት።

ዳግማዊ፦ ቅጠል ነው። የባህር ዛፍ።

ሲፈን፦ ሽተተው።

ዳግማዊ፦ ከየት አመጣሽው?

ሲፈን፦ ከጎማዬ። ትናንት ካረፍን በኋላ ነቀልኩት።

ዳግማዊ፦ ሲፈን!

ሲፈን፦ ነጥቧና ኮከቧ እኮ ቀጥ ብለው ገጥመውልኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ በርሬ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር! ዛፍ መኖሩን ያወቅሁት መሬት ወርጄ ነው።

ዳግማዊ፦ ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?

ሲፈን፦ ሳቅ ይዞኝ። እውነቴን ነው፤ ጎማው ሥር ተቀምጬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ስነሳ መሽቶ ነበር፤ ለዚህ ነው ቀለሙ ለዛሬ ያደረው። በባህር ዛፉ ሽታ ጉንፋኔ ግን ለቀቀኝ።

ዳግማዊ፦ አታስቂኝ! መሰላሉን እለቀዋለሁ!

ሲፈን፦ ልቀቀው። ከዚህ ብወድቅ የሚሰበረው እግሬ ብቻ ነው።

ዳግማዊ፦ …እሺ። አላውለበልብም። እናቴ ትሙት። ሁለት ሜትሯን ግን አትከልክይኝ፤ ሰውየው ደፋር መሆኔን ይዩ።

ሲፈን፦ ለመሆኑ ሥራቸው ምን ነበር?

ዳግማዊ፦ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነበሩ።

ሲፈን፦ ስንት ዓመት?

ዳግማዊ፦ ሠላሳ አንድ። የዓባይ በረሃን ሲወርዱ ሲወጡ አንድም ቀን… ኧረ!

ሲፈን፦ ቀጥል እንጂ ካፒቴን።

ዳግማዊ፦ አንድም ቀን ከፊታቸው ያለውን መኪና ተጠግተው አያውቁም። ሩሃማን መንዳት ሲያስተምሯት በተጠጋች ቁጥር በተሳፋሪው በኩል ፍሬን የሌለበትን ወለል ይረግጡ ነበር። ምንጣፉ ተቀዷል!

ሲፈን፦ ዛሬም ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲረግጡ ታዩኝ። «ይሄ ነው ልጄን የሚያገባው?» እያሉ።

ዳግማዊ፦ አቤት ጉዴ! ሁለት ሜትር ቢያዩ ሽማግሌዎቹን ብቻ ሳይሆን እኔንም ነበር በዱላ የሚመልሱኝ። በቃ፣ ጅራቴ ላይ እንደ ከባድ መኪና «ርቀትዎን ይጠብቁ» ብለሽ ጻፊልኝ!

ሲፈን፦ ጽፌዋለሁ።

ዳግማዊ፦ የት?

ሲፈን፦ ቀና በል። የድሮዋን ነጥብ የፋቅሁበት ቦታ ይታይሃል?

ዳግማዊ፦ ይታየኛል። አዲሷ ግን… አንድ ስንዝር ወደ ክንፉ ጫፍ ሄዳለች።

ሲፈን፦ ጠዋት ሁለቱን አውሮፕላኖች መሬት ላይ አቁሜ በሜትር ለክቻለሁ። ከዚህች ነጥብ ጋር ኮከቧ የምትገጥምልኝ አምስት ሜትር ላይ ስሆን ብቻ ነው።

ዳግማዊ፦ መሪው እኔ ነኝ እኮ! ሳታስፈቅጂኝ?

ሲፈን፦ ይኸው እያስፈቀድኩህ ነው። ካልፈለግህ ፋቃት፤ ነጥብ ከሌለ ግን ብቻህን ነው የምትነሳው። እሳቸውም አንድ አውሮፕላን አይተው ይሄዳሉ።

ዳግማዊ፦ …ክዳኑ የታለ?

ሲፈን፦ የምኑ?

ዳግማዊ፦ የቀለሙ ነዋ። ይኸው፣ ከደንኩት፤ ሳጥኑ ውስጥም ገባ። ውረጂ እንግዲህ፤ አማቴ ዛሬ እግራቸውን ያሳርፉ።